ከጥቁሮቹ ይጀመር

ባለፈው ዓመት አንድ አምስተኛ ክፍል ውስጥ የሆነውን ላስቀድም። ልጆቹ ስልሳ ይሆናሉ፤ ያለን አንድ ኪቦርድ ነው፣ ባለ 61 ቁልፍ፣ ከዳር ያለችው አንዷ ቁልፍ ተነቅላ የጠፋች። አንዲት ልጅ ወደ ፊት ጠራሁና “ነጮቹን እንዳትነኪ። ጥቁሮቹን ብቻ፣ ደስ እንዳለሽ፣ ቀስ እያልሽ ተጫወቺ” አልኳት። ኪቦርድ በእጇ ነክታ አታውቅም። በአንድ ጣት፣ እሳት እንደምትነካ ሁሉ እየፈራች ጀመረች። አንድ ሰባት ስምንት ድምፅ እንዳወጣች ከኋላ ወንበር “ቲቸር፣ ይሄማ የኛ ዘፈን ነው!” የሚል ጩኸት መጣ። የትኛው ዘፈን ነው ብዬ ብጠይቅ ግን የሚመልስ ጠፋ። ዘፈን አልነበረማ። ልጅቷ ያገኘችው ቅኝት ነው፤ ትዝታ።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ የተደረደሩ ናቸው። አንዱን ሁለትና አንዱን ሦስት ብትደምሩ አምስት፤ አምስት ደግሞ እያንዳንዱ ቅኝታችን ያለው የድምፅ ቁጥር ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያዋ ተነስታችሁ ወደ ቀኝ አምስቱን ብትሄዱባቸው የትዝታ ሜጀር ድምፆች አንድም ሳይጎድሉ ይወጣሉ። እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ሳትለውጡ መነሻችሁን ብቻ ከሁለቱ ወደ ሁለተኛዋ አዛውሩት፤ ባቲ ማይነር ትሆናለች። አንድም ነጭ ቁልፍ ሳይነካ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) የሁለቱ በር ተከፈተ ማለት ነው። ስሕተት የሚባል ነገርም የለም፤ አንዱን ጥቁር ስቶ ሌላውን የነካ ልጅ ያው ቅኝቱ ውስጥ ነው ያለው።

እኛ ግን ልጆቻችንን ከየት ነው የምናስጀምራቸው? ከነጯ ዶ። አውራ ጣት ዶ ላይ፣ ከዚያ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል። ቀጥሎ የእንግሊዝኛ የሕፃናት መዝሙር ይመጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ በወላጆች ቀን ልጁ እሱኑ ተጫውቶ ይጨበጨብለታል። ፋ ጋር ሲደርስ ጆሮው ለምን እንደሚጎረብጠው የሚነግረው የለም። እቤት አያቱ የምታንጎራጉረው፣ በሠርግ የሚሰማው፣ እናቱ ቡና ስታፈላ የምትከፍተው ዘፈን ብዙውን ጊዜ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ትዝታ ሜጀር ደግሞ ከሚ ወደ ሶል ይዘላል እንጂ ፋ ላይ አይቆምም።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ (ስሙ ይቆይ) ለወላጆች ቀን አሥር ልጆች በአሥር ኪቦርድ ተደርድረው አንድ ከባድ ዜማ “ተጫወቱ”። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ከመድረኩ ጀርባ ቆሜ ስለነበር ያየሁትን አውቃለሁ፤ የሚሰማው የአንዱ ኪቦርድ የዴሞ ቁልፍ የሚለቀው ዜማ ነው፤ የቀሩት ዘጠኙ ድምፃቸው ተዘግቷል። ልጆቹ ጣታቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ከወላጆቹ ይልቅ ያሳዘኑኝ ልጆቹ ናቸው፤ በዘጠኝ ዓመታቸው የተማሩት ሙዚቃ ሳይሆን ማስመሰልን ነበር።

“ከራስ ጆሮ ጀምር” የሚለው የኔ ግኝት አይደለም። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ ከቤላ ባርቶክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬ ዘፈን በፎኖግራፍ ሲቀዳ ነበር። ኋላ ላይ ወደ ልጆች ትምህርት ሲያዞረው የያዘው አቋም፣ ልጅ ቋንቋን በእናቱ ቋንቋ እንደሚጀምር ሁሉ ሙዚቃንም በእናቱ ዜማ መጀመር አለበት የሚል ነው። የቆዩት የሃንጋሪ የሕዝብ ዘፈኖች ደግሞ እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍም ለልጆች ያሠራው ዛይሎፎን እንጨቶቹ የሚነቀሉ ነበሩ፤ መምህሩ ፋንና ሲን ይነቅላል፣ የሚቀረው ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ይህን ለጎንደር ወይም ለወሎ ሰው ብታሰሙት ትዝታ ነው ይላችኋል። ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን ለማስጀመር ከሰባት ሁለት ቀንሰው አምስት ላይ ሲደርሱ፣ እኛ አምስቱን በጆሮው ይዞ ለመጣ ልጅ ሁለት ጨምረን እናደናግረዋለን።

አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃ ከቴአትር፣ ከውዝዋዜና ከሥዕል ጋር “የክወናና የእይታ ጥበባት” በሚባል አንድ ትምህርት ውስጥ ገብቷል። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ችግሩ አራቱንም የሚያውቅ መምህር ከየት ይምጣ የሚለው ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚሆነውን እናውቃለን፤ ክፍለ ጊዜው ያልሞላለት የጂኦግራፊ መምህር “እስኪ ይቺንም ያዛት” ይባላል። እሱም ምን ያድርግ፣ መጽሐፉን እያነበበ ያጽፋል። ልጆች የማሲንቆ ክፍሎችን ስም በደብተር ጽፈው ፈተና ላይ ይመልሳሉ፤ ማሲንቆ ግን አይተው አያውቁም።

የዓለም ሙዚቃ የሚባለውም ዕጣው ከዚህ የተለየ አይደለም። የአገር ስም፣ የመሣሪያ ስም፣ ሥዕል፤ አለቀ። ክፍሌ ውስጥ የሚሠራው ሌላ መንገድ ነው። ልጆቹ ጥቁሮቹን ከለመዱ በኋላ ወደ ነጮቹ እንወርድና ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ እንጫወታለን፤ ትዝታ ማይነር ናት። ከዚያ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሚ እንጀምራቸዋለን፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አምባሰል! በዚህ ጊዜ በስልኬ ኮቶ የሚባለውን የጃፓን የአውታር መሣሪያ እከፍትላቸዋለሁ። ኮቶ ከሚቃኝባቸው የታወቁ ቅኝቶች አንዱ ሂራጆሺ ይባላል፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ከአምባሰል ጋር አንድ ነው። ልጆቹ “ወሎ ነው” ብለው ይሟገታሉ። ጃፓን መሆኑን ስነግራቸው የሚያሳዩትን ፊት ብታዩት! ካርታ ላይ ጃፓንን ፈልጉ ማለት ከዚያ ወዲያ ቀላል ነው፤ የሚፈልጉበት ምክንያት አላቸው።

ሱዳንን ማስረዳት ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። የሱዳን ዘፈን እኛ አገር ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሳይቀር እስክስታ የሚወርድበት ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ነው። ኮሪያ ላይ ስንደርስ በጥቁሮቹ ብቻ አሪራንግን እናወጣለን። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲደርሱ በዚያ አገር ሰው አፍ ላይ የነበረ የሕዝብ ዘፈን ነው፤ አንድ ተማሪዬ “አያቴ ያውቁታል” ብሎ በማግሥቱ የአያቱን ሜዳልያ በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣ። እንዲህ ያለው ትምህርት ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል። የማሊው ኮራ ባለ 21 አውታር መሆኑን ሳወራ ባለ 10 አውታሩ በገና ትዝ የሚላቸው አሉ። ሁሉም ከቤት እየተነሳ ነው የሚሄደው።

የሚቃወሙኝ አሉ፤ ተቃውሟቸውም ቀላል አይደለም። ክራር የሚያስተምሩ ወዳጆቼ “ኪቦርድ ቅኝቱን ይገድለዋል” ይሉኛል። ኪቦርድ ከዶ እስከ ዶ ያለውን እኩል አሥራ ሁለት ቦታ ከፋፍሎ የቆረጠ መሣሪያ ነው። ክራር ቃኚ ግን በጆሮው እያጠበቀና እያላላ ነው የሚቃኘው፤ እሱ የሚያቆምበት ቦታና ቁልፉ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ አይገጥምም። ማሲንቆ በሁለት ድምፅ መካከል እየተንሸራተተ የሚያለቅሰውን ልቅሶ ኪቦርድ አይችለውም። የምቱም ነገር አለ፤ ክፍሌ ያለችው ኪቦርድ ቦሳ ኖቫም፣ ሳምባም፣ ዋልስም፣ ፖልካም አላት፣ የኛ ምት ችክችካ ግን የላትም። እሱን በዴስክ እየደበደብን ነው የምናሟላው፤ ዳይሬክተሩም አንዴ መጥተው ምን እየሆነ ነው ብለውናል። በዚህ ላይ እኛ አገር ኪቦርድ ስሙ የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የነፋስ መሣሪያ የያዙ ሙሉ ባንዶችን ከመድረክ ያወረደ፣ ሠርጉን ሁሉ ለአንድ ሰውና ለአንድ ማሽን የሰጠ መሣሪያ ነው።

ይህን ሁሉ አምናለሁ። ግን መልሱ ኪቦርዱን ማስወጣት አይደለም፤ ክራሩን ከጎኑ ማስቀመጥ ነው። አንድ ቀን ክራር ተጫዋች ጋብዤ፣ ኪቦርዱን ሳያይ ትዝታ እንዲቃኝ አደረግሁ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አሰማናቸው። ልጆቹ “አንዱ ትንሽ ወጣ ብሏል” አሉ። የትኛው? ግማሹ ኪቦርዱ፣ ግማሹ ክራሩ አለ፤ ክርክሩ ደወል እስኪደወል አላለቀም። እንዲህ የሚከራከር ጆሮ በጽሑፍ ፈተና አይገኝም።

ቁልፍ ያለው መሣሪያ የግድ የፈረንጅ ሆኖ እንደማይቀር ደግሞ ያሳዩን ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ላይ ሲቀመጡ ምቱ እንደ ሰው ትንፋሽ ይሳብና ይለቀቅ ነበር። ግርማ ይፍራሸዋ መጀመሪያ የያዘው ክራር ነው፤ ፒያኖን ያገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ኋላ ይዞ ደለስ አየር ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው ይለማመድ ነበር። ለልጆቼ ከሦስቱ አብልጬ የምነግራቸው የኃይሉን ነው፤ መብራት የለም የሚለውን ሰበብ ያፈርሳልና። የእኛዋም በስድስት ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች።

ስለ ገንዘብ። ለስልሳ ልጅ ስልሳ ኪቦርድ ማንም አይገዛም። በአንድ ኪቦርድ፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው አርባ ሰከንድ ነው፤ ያውም ማንም ካልተጋፋ። እኔ ያደረግሁት የካርቶን ኪቦርድ ማሠራት ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው በማርከር ሥለው ዴስካቸው ላይ ያደርጉትና አንዱ ሲጫወት ሌላው በካርቶን ይከተላል፣ አፉ እያዜመ። መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ይህን ቢያነቡ አንድ ነገር እለምናለሁ። የኪቦርድ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ዶ ያለው) ስፋቱ አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ፊቱና ጀርባው ሲዘረጋ ሁለት ኦክታቭ በልኩ ይይዛል። ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይታተም። የጥቁር ቀለም ዋጋ ነው።

የዘንድሮዎቹ አሁን አንቺሆዬ ላይ ናቸው። ለእሷ መልሱን አልሰጠኋቸውም፤ ዘፈን አሰማኋቸውና “ፈልጓት” ብዬ ለቀቅኋቸው። በጥቁሮቹ ሞከሩ፣ የለችም። በነጮቹ ሞከሩ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ድረስ ደረሱና አምስተኛዋ ጠፋች። ሶልን ነኩ፣ አይደለችም። ላን ነኩ፣ አይደለችም። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ባለፈው ሐሙስ፣ ሁልጊዜ በር ሥር የሚቀመጠው ዝምተኛው ልጅ ተነስቶ መጣና በሶልና በላ መካከል ያለችውን ጥቁር ተጫናት፤ ከዚያ እጁን ሳያነሳ ዞሮ አየኝ።