ሬዚደንቱ ታካሚ ሲሞትበት ማን ያግዘው?

ሬዚደንቶች፣ ማለትም በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች፣ ራስን ስለማጥፋት ሲማሩ ብዙው ትኩረት አደጋን መገመት ላይ ነው። ፎርም አለ፤ መጨረሻ ላይ «ዝቅተኛ» ወይም «ከፍተኛ» ተብሎ ይሞላል። ግምቱ ግን ደካማ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የ50 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና፣ ማን ራሱን እንደሚያጠፋ አስቀድሞ መለየት ከዕድል ብዙም እንደማይሻል አሳይቷል።

ይህን ለወጣት ሐኪም ሳይነግሩ ሥራ ላይ ማሰማራት ጭካኔ ይመስለኛል። ፎርሙን በደንብ ከሞላሁ ማንም አይሞትብኝም ብሎ ያምናል። ሲሞትበት ጥፋቱን ሁሉ ራሱ ላይ ይከምራል። ነገሩ ደግሞ ብርቅ አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከተጠየቁት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ ታካሚያቸው ራሱን አጥፍቷል። ገና በትምህርት ላይ ሳሉ የሚገጥማቸውም ጥቂት አይደሉም።

ሐዘኑ የሐኪሙ የግል ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ያልታገዘ ሐዘን ፍርሃት ይሆናል፤ የፈራ ሐኪም ደግሞ ቀጣዩን ታካሚ ሲጠይቅ ጥያቄውን ያጣምማል፦ «መጥፎ ነገር አያስቡም አይደል?» ታካሚዋ የሚፈለገው መልስ ወዲያው ይገባታል። «ኧረ፣ አላስብም።» አለቀ። «ራስዎን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጭር ጥናቶች ያሳያሉ። ይህን ሳይንተባተቡ ለመጠየቅ ግን ማንበብ አይበቃም፤ ሲኒየር ሐኪም እያየ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል።

ከግምት ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የደህንነት ዕቅድ ነው። ስታንሊና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ነው። ታካሚውና ሐኪሙ አብረው ይጽፉታል፦ ሐሳቡ ሲመጣ ምልክቱ ምንድን ነው፣ ለማን ይደወላል፣ አደገኛ ነገር ከቤት እንዴት ይርቃል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ዕቅዱ ከክትትል ስልክ ጋር የተሰጣቸው የድንገተኛ ክፍል ታካሚዎች በስድስት ወር ውስጥ ያሳዩት ራስን የማጥፋት ሙከራና መሰል ድርጊት፣ ይህን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በ45 በመቶ ያነሰ ነበር።

ሞት ከመጣ በኋላ ስለሚደረገውም አስቀድሞ ትምህርት ይሰጥ። ለቤተሰቡ ማን ይደውላል? ቀብር መሄድ ይቻላል? ዋርድ ውስጥ ላሉት ሌሎች ታካሚዎች ምን ይነገራል? ሲኒየሮችም ያጡትን ታካሚ በተማሪዎች ፊት ያንሱ። ዝም ሲሉ ተማሪው እነሱ ላይ ደርሶ የማያውቅ ይመስለዋል። የታካሚው መዝገብ የሚታይበት ስብሰባ ችሎት እንዳይመስል ደግሞ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይደረግ። በዚያው ቀን መደረግ ያለበት ሌላ ነው፤ የሬዚደንቱን የሌሊት ተረኛነት ሌላ ሰው ይውሰድለት።