ወረፋ ውሃ ላይ

ባሕር የማንም አይደለም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ማለዳ ሰርፍ ቦርድ፣ ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ፣ ይዞ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ ገብቻለሁ። የምኖረው ባሕር ጠርዝ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ሰዎች ከቁመታቸው የሚበልጥ ቦርድ በብብታቸው ሸጉጠው፣ በባዶ እግራቸው አስፋልት ሲያቋርጡ አያለሁ። ይሮጣሉ። እነዚሁ ሰዎች ወደ ሥራ ሲሄዱ አንድም ቀን ሲሮጡ አላየሁም። "ምን ቢያገኙ ነው?" አልኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን ተረት እያወቅኩ ቦርድ ተከራየሁ።

መጀመሪያ ያሸነፈኝ ባሕሩ አይደለም፤ ልብሱ ነው። ዌትሱት ይሉታል። በጥቃቅን የአየር አረፋ ከተሞላ ጎማ የተሠራ ነው፤ ብርዱን የሚከላከለው አረፋው ነው። ሰውነት ላይ ልክክ ካላለ አይሠራም። ልክክ እንዲል ደግሞ መጀመሪያ ሰውየው መግባት አለበት። መኪና ተደግፌ ሃያ ደቂቃ ታገልኩ። በመጨረሻ ዚፑን ደረቴ ላይ ዘግቼ፣ አንገቴ ታንቆ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ አሸዋው ወረድኩ። ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። "ዚፑ በጀርባ ነው" አለችና መንገዷን ቀጠለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ዌትሱትን አይመለከትም። ዌትሱት ሲሮጡ ቢታጠቁትም አይፈታም።

ቀጥሎ ሰሙ መጣ። ቦርድ ሰም ይቀባል ሲሉኝ እንዲያንሸራትት መስሎኝ ሆዱን በደንብ ለቀለቅኩት። ለካ የሚቀባው ጀርባው ነው፤ እግር እንዳያንሸራትት። በሆዱ አሸዋ ላይ አጋድሜው ስመለስ፣ የባሕሩን ዳርቻ ግማሽ ለቅሞ ተነሣ።

ከዚያ መቅዘፍ አለ። በሆድ ተኝቶ በሁለት እጅ ውሃ መግፋት ነው። አሥር ሜትር እሄዳለሁ፤ ነጩ አረፋ መጥቶ አሥራ አምስት ሜትር ይመልሰኛል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ የሚለውን ያመጣው ሰው ይህን ሲል በሆዱ ተኝቶ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሚገርመው ሌሎቹ በአጠገቤ ሽው እያሉ ማለፋቸው ነው። ምስጢሩን የደረስኩበት በኋላ ነው። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። በአሸዋ ክምሮች መካከል ባለች ጠባብ ቦይ ይሰበሰብና ወደ ጥልቁ ይፈስሳል። እዚያች ቦይ ላይ ማዕበል ብዙም አይሰበርም። ጸጥ ያለች ናት፣ ታምራለች። ለመዋኘት የመጣ እንግዳ መርጦ የሚገባው እሷ ውስጥ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኼ ነው። የተወሰደ ሰው ወደ ዳር ፊት ለፊት መታገል የለበትም፤ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከቦዩ ከወጣ በኋላ ነው ወደ መሬት የሚመለሰው። ሰርፈሮች ግን እንደ ሊፍት ይሳፈሩባታል።

እኔም ተሳፈርኩና ደረስኩ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ማዶ ሃያ ያህል ሰው ቦርዱ ላይ ተፈናጦ ተቀምጧል። ሁሉም ፊቱን ወደ አድማስ አዙሯል። ጭጭ። ጥርሴን ብልጭ አድርጌ "እንደምን አደራችሁ!" አልኩ። ማንም አልዞረም። እዚያ ሰላምታ ማለት አገጭን ለአፍታ ከፍ ማድረግ ነው። ያውም ከሦስት ወር በኋላ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰርፊንግ ማዕበል ላይ መቆም አይደለም፤ ወረፋ መጠበቅ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰው ቦርዱ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው መቅዘፍና አድማስ ማየት ነው። ኦሊምፒክ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የሰርፊንግ ውድድር የተካሄደው ከፓሪስ 15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ታሂቲ ደሴት ቴአሁፖ ላይ ነው። ባሕሩ አልመች ሲል ቀን እየተዘለለ ተካሄደ። የዓለም ምርጦችም እንደኛ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

ወረፋው ሕግ አለው። ማዕበሉ መጀመሪያ ከሚሰበርበት ጫፍ አጠገብ ያለው ሰው የማዕበሉ ባለቤት ነው። ሌላው ይተውለታል። ከፊቱ ዘሎ የገባ ሰው ነውረኛ ነው፤ ለአንድ ሳምንት በክፉ ይታያል። ቀላል ሕግ ነው፤ ጫፉ ባለበት ቢረጋ። ሥሩ ዐለት የሆነ ባሕር እንዲያ ነው። ዐለቱ ንቅንቅ አይልም፣ ወረፋውም ይከበራል። የኛ ባሕር ሥሩ አሸዋ ነው። ማዕበል የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከቁመቱ ጋር ሲቀራረብ ነው። አሸዋው ደግሞ ዛሬ እዚህ ይከመራል፣ ከአንድ ወጀብ በኋላ እዚያ። ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ደግሞ በዚያው ጠዋት ጫፉ ቦታ ይቀይራል። እስቲ የባንክ ወረፋ አስቡ። ሃያ ሰው በሥርዓት ተሰልፎ ሳለ ገንዘብ ከፋዩ መስኮቱን ተሸክሞ ሰላሳ ሜትር ወደ ግራ ይሄዳል። መጨረሻ የነበረው አንደኛ ሆነ። አንደኛ የነበረው ይሳደባል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መስኮቱ ይመለሳል።

በዚህ ትርምስ መሀል ቦታቸውን የማይስቱ አንድ ሰው አሉ። ሊቀመንበሩ እላቸዋለሁ፤ በልቤ። ስድሳን አልፈዋል። ጺማቸው ነጭ፣ ቦርዳቸው ረጅም ነው። ረጅም ቦርድ ማዕበሉን ገና ሳይሰበር ስለሚይዝ ሁላችንንም ይቀድማሉ። አንዱን ይወስዳሉ። ተመልሰው ሁለተኛውን ይወስዳሉ። ሦስተኛውንም። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ "ጋሼ፣ የሚቀጥለው የማን ነው?" አልኳቸው። ዓይናቸውን ከአድማሱ ሳይነቅሉ "የባሕሩ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ባሕሩም ላከው፣ እሳቸውም ተቀበሉት።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በጥንቷ ሃዋይ፣ ይህ ጨዋታ ባደገባት አገር፣ ኦሎ የሚባለው ረጅም ቦርድ የአለቆች ነበር። ተራው ሕዝብ አላያ በሚባለው አጭሩ ይንሸራተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1779 ከእንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ኩክ ጋር የሄደው መኮንን ጄምስ ኪንግ የደሴቲቱን ሰዎች ቦርድ ላይ ሲያይ ተደንቆ ጽፏል። ወረፋውን ልብ ያለው ግን አይመስለኝም። የሊቀመንበሩን አያቶች ባያቸው ኖሮ ሌላ ምዕራፍ ይጨምር ነበር።

እያደር ሰዎቹ አፋቸውን ፈቱ። ግን የውሃ ላይ ጨዋታ እንደ የብስ ጨዋታ አይደለም። ተናጋሪው አያይህም፤ አንተም አታየውም። ሁለታችሁም አድማሱን ታያላችሁ። አንድ ጎልማሳ አለ፤ ሰማያዊ ቦርድ ያለው። አንድ ጠዋት ሳልጠይቀው ስለ ትዳሩ ይነግረኝ ጀመር።

"ያን ዕለት ማታ ደክሞኝ ስገባ ሚስቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?"

"ምን አለችህ?"

መልስ የለም። አድማሱ ላይ ጥቁር መስመር ታይቷል። ዞር አለና በሁለት እጁ ውሃውን እየቧጠጠ ሄደ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ ተመለሰ፤ አጠገቤ ተቀመጠ፤ አድማሱን አየ።

"'ወይ እኔን፣ ወይ ባሕሩን' አለችኝ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

ሁለተኛው መስመር መጣ። ሄደ። በዚያ ጠዋት ማዕበል በማዕበል ላይ ሲመጣ ዋለና መልሱን ሳልሰማ ተለያየን። ግን ውሃ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ምን ብሎ እንደመለሰ መገመት አያዳግትም።

ስለ ቁመት ደግሞ ላውራችሁ። የማዕበልን ቁመት መለካት በሰርፈሮች ዘንድ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም፤ የማዕረግ ጉዳይ ነው። ጀማሪው ይጨምራል፣ አዋቂው ይቀንሳል። ሃዋይ ውስጥ ነባሮቹ ማዕበሉን ከጀርባው የሚለኩበት ልማድ አላቸው፤ ከፊት ከሚታየው ግማሽ ያህል ይሆናል። እኔን ከላዬ አልፎ ከአሸዋው ጋር ያጣበቀኝን ማዕበል "ከራሴ በላይ ነበር" ብዬ ሳወራ ሊቀመንበሩ "ያ እስከ ጉልበት የሚደርሰው?" አሉ። እውነተኛውን ልክ ለማወቅ የሚደክሙም አሉ። ጀርመናዊው ሰርፈር ሰባስቲያን ሽቶይድትነር እ.ኤ.አ. በ2020 ናዛሬ፣ ፖርቹጋል ላይ የተንሸራተተበት ማዕበል 26.21 ሜትር ተብሎ በጊነስ የጸደቀው በ2022 ነው። ሊቀመንበሩን ቢጠይቋቸው በአንድ ቀን አሥር ሜትር ያደርጉት ነበር።

ሌላው ጉዳይ ትናንት ነው። ይህች ከተማ ውስጥ ጥሩ ማዕበል የሚመጣው ሁልጊዜ ትናንት ነው። ቦርዴን ተሸክሜ ስወርድ እየተጣጠበ የሚወጣ ሰው አገኛለሁ። "እንዴት ነው?" እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል። "ትናንት ነበር እንጂ!" በማግስቱም "ትናንት ነበር።" ትናንት እኮ እዚህ ነበርኩ! ትናንትም ትናንት ነበር። እርግጥ ነፋስ ይወስነዋል። ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ማዕበሉን ደግፎ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከባሕር ሲነፍስ ይንደዋል። ስለዚህ ሰርፈር ነፋስ ማየት አይታክተውም። ዛፍ ያያል፣ ጭስ ያያል፣ የተሰጣ ልብስ ያያል። ባንዲራ እያየ የሚቆዝም ሰው ካያችሁ አገሩን የሚወድ እንዳይመስላችሁ።

ገመዱን ረስቼው። ቦርዱ ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚታሰርበት ገመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ ነባሮቹ የሰነፍ ገመድ ብለው ሳቁበት። ቦርዱ ያመለጠው ሰው እስከ ዳር ዋኝቶ ማምጣት አለበት፣ ወንድነት እሱ ነው ተባለ። ዛሬ ያሾፉበት ሁሉ አስረውታል። በእርግጥ መጀመሪያ ላይ ገመዱ ከመጠን በላይ ይለጠጥ ነበር። የዌትሱት ነጋዴው ጃክ ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ዓይኑን ያጣው ተስቦ የተመለሰ ቦርድ መትቶት ነው። እኔን እስካሁን የመታኝ አገጬንና ክብሬን ነው።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ግን ባንኩ መስኮቱን ተሸክሞ ወደ እኔ መጣ። ጫፉ ከአፍንጫዬ ሥር ተነሣ። ሊቀመንበሩ ሩቅ ናቸው። ባለ ሰማያዊው ቦርድ ስለ ሚስቱ እናት ለሌላ ሰው እያወራ ነው። ዞርኩ፣ ቀዘፍኩ፣ ቦርዱ ከሥሬ ሲነጠቅ ተሰማኝ። ተነሣሁ። ቆምኩ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰከንድ። እግሬ ሥር ውሃው እንደ መስታወት ይሮጣል። ማን አየኝ ብዬ ዞር አልኩ። ሃያ ጀርባ። ሁሉም የሚቀጥለውን እየጠበቀ አድማሱን ያያል። ስዞር የቦርዱ አፍንጫ ውሃ ውስጥ ተሰካ። ተሽቀንጥሬ በፊቴ ገባሁ። የባሕሩ ሩብ ያህል በአፍንጫዬ ገባ ብል ሊቀመንበሩ ብቻ ናቸው የሚቀንሱት።

ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ቢሮ ሮጥኩ። አዎ፣ ሮጥኩ። ስብሰባ ነበር። አለቃዬ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ይገልጣል። እንደ ልማዱ በየመሀሉ በመስኮት አሻግሮ ባንዲራውን ያያል። እኔ አገሩን የሚወድ ሰው ነው ብዬ አከብረው ነበር። እስክሪብቶዬ ወደቀ። ላነሣ ጎንበስ አልኩ።

ሰርፈር የሆነ ሰው የሚያውቀው አንድ ጉድ አለ። አፍንጫ ውስጥ የገባ ባሕር ወዲያው አይወጣም። ለሰዓታት ተደብቆ ይቆይና ጎንበስ ስትል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። እኔም ቀና ስል ለቀቀው። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ፣ ከወጪ ዝርዝሩ መሀል፣ ጨዋማ ውሃ ተንዠቀዠቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከጎኔ ያለችው የሥራ ባልደረባዬ ሶፍት እያቀበለችኝ "አይዞህ፣ ጉንፋን ነው?" አለች በኀዘኔታ።

አለቃዬ የራሰውን ወረቀት በሁለት ጣቱ አነሣ። ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። ባንዲራውን አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ።

"ዛሬ ነው የገባኸው?" አለኝ። "ትናንት ነበር እንጂ!"