ጀግና መራጮች ሆይ፣ ቀስ በሉ

ያገሬ ሰዎች፣ የደብረ ብርሃንና የዙሪያዋ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ብትቀየሙኝም ግድ የለኝም፤ የተቀየመ ሰው ቢያንስ የተባለውን አይረሳም።

ሰሞኑን የያዘንን ታውቁታላችሁ። ሻይ ቤት ገብታችሁ ጋቢያችሁን ሳታስተካክሉ «የከተማችን የምንጊዜም ምርጥ አሥር ስፖርተኞች እነማን ናቸው?» ትባላላችሁ። ባጃጅ ውስጥም ያው ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ። ክርክሩን አልጠላሁትም፤ በዚህ ውርጭ ሰው አፉን የሚያሞቅበት ነገር ያስፈልገዋል። ያናደደኝ ሌላ ነው።

ባለፈው እሑድ ጠባሴ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ አንዱ ወጣት ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ዘርግቶ ያነብ ጀመር። አንደኛ አበበ ቢቂላ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁለተኛው ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሦስተኛው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ለቀበሌው ቡድን ኳስ ይጫወት የነበረ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም፣ ግን ከቀበሌው ቡድን ወጥቶ ሲጫወት ያየ ሰው አላውቅም። አራተኛው የዚያው ቡድን በረኛ። አምስተኛው አንባቢው ራሱ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ጌጤ ዋሚ የተገኘችው ሰባተኛ ላይ ነው። ሰባተኛ! «ምነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ እሷ እኮ ብዙ ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ነው የምትወጣው» አለኝ። ከጎኑ የነበረው ባለባጃጅ ደግሞ ስኳሩን እያማሰለ «ደሞም የጫጫ ልጅ ናት፤ የኛ አይደለችም» ብሎ ደመደመው። ሻዬን ሳልጨርስ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ስሙ። ጫጫ ከዚህ በባጃጅ ባይሆንም በሚኒባስ ወሬ ሳታልቅ የሚደረስባት ከተማ ናት። ከዚያ የወጣችው ልጅ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አመጣች። በ1991 ሴቪያ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በዚያው ርቀት ወርቅ ወሰደች፤ እንግሊዛዊቷን ፓውላ ራድክሊፍን በመጨረሻው ዙር ጥላት ነው የገባችው። በ1993 መስከረም ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ከደራርቱ ቱሉ ቀጥላ ብር፣ በ5 ሺህ ነሐስ። የዓለም አገር አቋራጭን በ1988ና በ1991 በረጅሙ፣ በ1993 ደግሞ በአጭሩ ርቀት አሸንፋለች። ረጅሙንም አጭሩንም ማሸነፍ ምን ማለት እንደሆነ ለሯጭ ንገሩት፣ ኮፍያውን ያነሳል።

ይህ ሁሉ ቀርቶ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ሚሌኒየሙን ያከበርንበት መስከረም ትዝ ይላችኋል? እኛ ገና ከዳንኪራው ሳንወጣ፣ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም. ጌጤ በርሊን ማራቶንን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት አሸነፈች። ማራቶን የሮጠ ሰው ሌላ ማራቶን ለመድገም አብዛኛውን ጊዜ ወራት ይጠብቃል። እሷ ጥቅምት 24 ቀን፣ በ35ኛው ቀኗ፣ ኒው ዮርክ ላይ ሌላ 42 ኪሎ ሜትር ልትሮጥ ተሰለፈች። ለምን ቢባል በዓለም ታላላቅ ማራቶኖች ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጥብ የሚሰበሰብበት የመጀመሪያው ውድድር ሻምፒዮን የሚለየው እዚያ ነበርና። ከራድክሊፍ ጋር እስከ መጨረሻው ድረስ ትከሻ ለትከሻ ሄዳ በ23 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች። ያቺ ሁለተኛነት ሻምፒዮንነቱንና 500 ሺህ ዶላሩን አስገኘችላት። እና እናንተ፣ ከአልጋ ወደ ታክሲ ፌርማታ ለመድረስ የምታለከልኩ ሰዎች፣ «ሁለተኛ ነው የምትወጣው» ትላላችሁ!

በሽታችን ይኼ ነው። ወርቅ ካልሆነ ዓይናችን አያይም።

የሸኖውን ስለሺ ስህንን ያነሳ ሰው በዚያ ወረቀት ላይ አልነበረም። ስለሺ በ1996 አቴንስ፣ በ1997 ሄልሲንኪ፣ በ1999 ኦሳካ፣ በ2000 ቤጂንግ፣ በ10 ሺህ ሜትር አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። አራት ጊዜም ፊቱ ያለው አንድ ሰው ነው፣ ቀነኒሳ በቀለ። ሄልሲንኪ ላይ በ5 ሺህም ብር አለው። እንግዲህ በአንድ ዘመን ከቀነኒሳ ጋር መወለድ ጥፋት ከሆነ ይቀጣ! በእነዚያ አራት ሩጫዎች ከዓለም ሕዝብ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ የቀደመውን ሯጭ ነው እኛ ከአሥር ውስጥ ያጣነው።

የአቴንሱን ሩጫ ያየ ሰው ግን ስለሺን በሜዳሊያው ቀለም አይመዝነውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያን ጊዜ እግሩን ታሞ ነው የገባው፤ ሁለት ኦሊምፒክ በተከታታይ አሸንፎ ሦስተኛውን ፍለጋ። ውድድሩ ሲከር ኃይሌ ከፊተኞቹ ተንጠባጠበ። ቀነኒሳና ስለሺ ፊት ላይ ናቸው። ዞር እያሉ ያዩ ጀመር። ፍጥነታቸውን ቀነስ አደረጉ። ደግመው ዞሩ። በኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ ሌላው ሯጭ ጀርባችሁ ላይ እየተነፈሰ፣ ታላቅ ወንድም እስኪደርስ መጠበቅ! ኃይሌ ሊደርስባቸው አልቻለም፣ አምስተኛ ሆነ፤ እነሱም ሲቆርጡ ለቀቁት። እኔ ያን ሩጫ ያየሁት ብዙ ሰው በተጨናነቀበት ቤት፣ በር ላይ ቆሜ በሰው ትከሻ መሀል ነው። ያን ዕለት ማንም «ስለሺ ሁለተኛ ነው» ሲል አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «ወይ ልጅ!» ነበር የሚሉት። ምን ነካንና ያንን ረስተን የብር ቀለም ቆጠርን?

ስለ ጸጋዬ ከበደም ዝም ነው። እሱም የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፣ ማገዶ እየሸጠ ያደገ። ቤጂንግ ላይ በማራቶን ነሐስ፣ ለንደንን በ2002ና በ2005 ያሸነፈ፣ ቺካጎን በ2005 መስከረም በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ የወሰደ። በረኛው ግን አራተኛ ነው።

አበበን አንደኛ ማድረጋችሁን አላመሰግንም። አበበን አንደኛ ማድረግ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የምታውቁት ግን ግማሹን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ እየሮጠ፣ ከአክሱም ተነቅሎ የተወሰደው ሐውልት ዘንድ ሲደርስ ሞሮኳዊውን ጥሎ መሄዱን ሁላችሁም ትተርካላችሁ። ቶኪዮ ላይ፣ ጥቅምት 1957፣ ትርፍ አንጀቱን ባስወጣ በስድስት ሳምንቱ ገደማ ዳግም ማሸነፉንም። ከዚያ ወረቀቱ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውስ? በ1961 ጥቅምት ሜክሲኮ ላይ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። በዚያው ዓመት መጋቢት መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከዚህ ወዲያ የኛ አፍ ይዘጋል፤ «ምስኪን» ብለን እናልፋለን። ሰውዬው ግን አልተዘጋም። በ1962 እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀስት ወርውሮ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ላይ በበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር ገብቶ አሸነፈ። እግር የሌለው ማራቶናዊ፣ ከብርድ አገር ሰዎች ጋር፣ በበረዶ! እኔን ብትጠይቁኝ፣ አበበን ከሮም ይልቅ ኖርዌይ ላይ አንደኛ አደርገዋለሁ። አትስማሙም፣ አውቃለሁ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር።

ሌላ ደግሞ፣ «የኛ ነው፣ የናንተ አይደለም» የሚሉት ነገር። አበበ የተወለደው መንዲዳ አጠገብ፣ ጃቶ ነው። ዛሬ ካርታው ላይ መስመር ተሰምሮ ሁለት ሰሜን ሸዋ አለ፣ አንዱ ወዲህ ክልል፣ አንዱ ወዲያ ክልል። ልጁ ከብት ሲያግድ መስመሩ አልነበረም። ገና ሲጫወት ግን፣ አዎ ገና ይጫወት ነበር፣ አንዱ ጎል ከሌላው ጎል ኪሎ ሜትሮች ሊራራቅ በሚችልበት በዚያ የሜዳ ገና፣ እሩሯ ወደ የትኛው ወረዳ እንደገባች ማንም አልጠየቀም። የአባቶቻችን «በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ» ለጌታና ለሎሌ የተባለ ነው፤ ለኛ ለወረዳና ለወረዳ ባለቤቶች ቢባልም ያምርብን ነበር። እዚህ ላይ ሳላነሳው የማላልፈው፣ በየገናው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ የኖሩ፣ በጉግስ ፈረሳቸው ስም የሚጠሩ አዛውንት የነበሩበት አገር መሆኑን ነው። ማን ጻፋቸው? ከአያቶቻችሁ አንዱ እንኳ በሕይወት ካለ፣ ስልካችሁን አውጡና ድምፁን ቅዱ። አሥር ስም ከመደርደር እሱ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣዬ ልምጣ፣ እሱም ራሴን ይጨምራል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ እስካሁን ከጠራኋቸው አንዳቸውም የደብረ ብርሃን ከተማ ልጅ አይደሉም። ጃቶ፣ ጫጫ፣ ሸኖ፣ ገጠር። ከተማችን ግን ከወረቀቱ አናት ላይ ስሟን በትልቁ ጽፋ «የኔ» ትላለች። ይሁን፣ ገበያው እኛ ዘንድ ነው፣ መንገዱም በኛ በኩል ያልፋል። ታዲያ በመንገዳችን የሚያልፈውን ምን እናደርገዋለን?

ባለፈው ኅዳር ነው። 12 ሰዓት አልሞላም፣ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ጨው የተበተነ ይመስላል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከገጠሩ መንገድ አንዲት ልጅ እየሮጠች ወደ አስፋልቱ ወጣች። ዕድሜዋ ከ16 አይበልጥም። ቱታዋ የወንድሟ ይሆናል፣ ከቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ጊዜ ታጥፏል። የቀኝ ጫማዋ ጎኑ ተቀዶ በሲባጎ ተሰፍቷል፤ በየእርምጃዋ የሲባጎው ጫፍ አስፋልቱን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ትንፋሿ ከአፏ እንደ ጭስ ይወጣል። አንድ ባጃጅ አጠገቧ ደርሶ ቀስ አለ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ማን እያባረረሽ ነው?» አላት። ውስጥ ያሉት ሳቁ። ባጃጁን ወደ ጥግ ገፋ፣ ገፋ አደረገው። ልጅቱ ከአስፋልቱ ወርዳ ቦዩ ውስጥ ገባች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ። አልተሳደበችም። አልቆመችም። ወጥታ ሩጫዋን ቀጠለች።

እኔስ? እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ቆሜ አየሁ። አንድ «ተው አንተ!» ከአፌ አልወጣም። ብርድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሽማግሌ ነኝ ባይ ሰው፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት ብሄድ ባጃጁ ይቆም ነበር።

ያ ባለባጃጅ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሻይ ቤት ውስጥ ስኳር እያማሰለ «ጌጤ የኛ አይደለችም» ያለው ነው። ፊቱን አልረሳሁትም። እሱ ግን ያቺን ልጅ ቢጠይቁት አያስታውሳትም፤ በቀን ስንት ሰው ጥግ ያስይዛል።

ያቺ ልጅ ጌጤ ትሆናለች አላልኩም። ሩጫ ሎተሪ አይደለም፤ እዚህ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚሮጡት ሺዎች አንዷ ብታልፍ ነው። ምናልባት ለወረዳ ውድድር እንኳ ሳትደርስ ታገባለች፣ ምናልባት ሁለተኛ ትወጣለች። እኛ የምንወደው ግን ያለቀለትን ነው፤ ሜዳሊያው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን፣ አበባ ይዘን ከአየር ማረፊያ የምንቀበለውን። በቦዩ ጭቃ ውስጥ ያለውን ዓመት፣ አራት ጊዜ ሁለተኛ የተወጣበትን ዓመት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለውን ዓመት አናውቀውም። ልጆች ኳስ የሚራገጡበት የነበረ ሜዳ በቆርቆሮ ሲታጠርስ ማን ተናገረ? እኔም አልተናገርኩም፤ ስንቶቻችን በዚያ በኩል ስናልፍ አንገታችንን ደፍተን ነው።

አንተ ወረቀቱን የያዝከው ልጅ፣ አልጠላሁህም። ወረቀትህን አትቅደደው። ጌጤን ከሰባተኛ አንሳት፣ ስለሺን ጨምር፣ ጸጋዬን ጨምር፣ በረኛውን ይቅርታ ጠይቅልኝ። የት ላይ እንደምታስቀምጣቸው ራስህ ፍረድ፣ ግን በፊት ሩጫቸውን እይ፤ ስልክህ ላይ አለልህ።

አንተ ባለባጃጅ ደግሞ፣ ልጅቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው የምትሮጠው። ጠይቄ አረጋግጫለሁ። 12 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ከገጠሩ መንገድ ትወጣለች። ነገ ሰኞ ነው። ባጃጅህን ወደ ግራ ጠጋ አድርግላት፣ እኔም እዚያው ቆሜ አይሃለሁ።