ታምሜ ጠየቁኝ

«ጠጠሩን አሳየን እስቲ» አሉ እትዬ፣ «እግዚአብሔር ይማርህ»ን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ።

የሐሞት ከረጢቴ ከወጣ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሐኪሙ ጠጠሮቹን በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ሰጥቶኝ ነበር። አምስት ናቸው፤ ቡናማ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ። ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ መስኮቱ ጋ ወስዶ በብርሃን አየው። ሌላው ነቅነቅ አደረገና ጆሮው ላይ አስጠጋው። እትዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ሲመረምሩት ቆዩና፣ «የእህቴ ሽንብራ ሽንብራ ያህል ነበር» ብለው መለሱልኝ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ሆዴን ያስቀደድኩት ለዚህ ነው?

የመጡት የጽዋ ማኅበርተኞቼ ናቸው፤ አሥራ ሁለት። የበሩ ጥበቃ «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ» ብሏቸው ነበርና ትእዛዙን አክብረው ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ስለ መውጣት ግን የነገራቸው አልነበረም።

መቼም የእኛ ቋንቋ ጉድ ነው። ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ሲል፣ ግእዝ «ሐወጸ» የሚለውን ማለቱ ነበር፤ መጎብኘት፣ መጥቶ ማየት። አማርኛችን ግን ለመጎብኘትም ለመመርመርም አንድ ቃል ሰጥቶ ገላገለን። ሕዝቤም ከሁለቱ የሚቀለውን መረጠ። እንዴት ጀመረህ? ግራህን ነው ቀኝህን? ምን በልተህ ነበር? ለምን ቶሎ አልታየህም? ስንት አስከፈሉህ? ፖሊስ ጣቢያ ቢሆን ቢያንስ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ነው፤ ቃሌንም አንዴ ሰጥቼ እፈርማለሁ። እዚህ ግን አዲስ ጠያቂ በገባ ቁጥር ከሀ ይጀመራል። በመጀመሪያው ቀን «እራት በልቼ ቁርጠት ያዘኝ» ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን እኔው ራሴ ሳላውቅ ታሪኩ አድጎ ሌሊቱ ዝናብ ነበረው፣ ታክሲ ጠፍቶ ነበር፣ ሚስቴም ታለቅስ ነበር። ሚስቴ ከጎኔ ሆና «መቼ አለቀስኩ?» አለች። ፍርዱ ግን ያው ነው፤ «ክትፎውን ተው ብዬህ ነበር!»

ስለ ጠያቂ ከተነሳ የኢዮብን ሳላነሳ አላልፍም። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰባት ቀን! የእኔዎቹ ሰባት ደቂቃ ቢሞክሩት ሌላ አልጋ ያስፈልጋቸው ነበር። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ እናቴ እኔን ዝም ለማሰኘት ትጠቀምበት ስለነበር ለብዙ ጊዜ ስለ እህል የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እነዚያ ሦስቱ ዝም እስካሉ ድረስ ጥሩ ጠያቂዎች ነበሩ። ምዕራፍ 4 ላይ ኤልፋዝ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው «ምን ሠርተህ ቢሆን ነው?» ነው። ኢዮብም አላስቻለውም፤ «እናንተ ሁላችሁ የምታደክሙ አጽናኞች ናችሁ» አለ። እኔ ይህን ለማለት ስፌቴ አልፈቀደልኝም።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ አምናለሁ። ግን መድኃኒት ልክ አለው። ክኒኑን በቀን ሦስት ጊዜ ያሉኝ ሐኪም፣ ሰዉን በቀን ስንቴ እንደምወስድ አልጻፉልኝም።

የንስሐ አባቴ ማልደው መጡ። ወንበር አልፈለጉም። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አኑረው አባታችን ሆይ ደገሙ፣ ከያዙት ጠበል ረጩኝ። ፍንጣቂው አጠገቤ ለተኙት ሐጂም ደረሰ፤ እሳቸውም ፊታቸውን ጠርገው «አሚን» አሉ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ጠጠሩን ላሳያቸው ብልቃጡን ሳነሳ ወጥተዋል። (ትንሽ ቅር ብሎኛል።)

ማዶ የተኛው ልጅ ፕሮቴስታንት ነው። የእሱ ጠያቂዎች ክብ ሠርተው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ፣ አንደኛው በስሜት የግሉኮሱን ማቆሚያ ጨብጦ ይነቀንቃል። ልጁ ብቻ ዓይኑን ገልጦ ከረጢቱን ይከታተላል።

በሩ ሥር ስላለው አልጋ ልናገር። ከሩቅ ገጠር የመጡ አባት ናቸው። አስታማሚያቸው መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ስለሚውል ቀኑን ሙሉ ጣራ ያያሉ። አሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞቼ ሲገቡም ሲወጡም በእሳቸው አልጋ በኩል ነው። አንዷ ቦርሳዋን እግራቸው ላይ አስቀመጠች፤ ስትወጣ አነሳች። እግዚአብሔር ይማርዎት ያላቸው የለም። «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ» ነው እኮ የተባለው! ማኅበርተኛ የሆነ፣ የሠርጋችሁን ካርድ የሚቀበል፣ ነገ ለቅሷችሁ ላይ የሚገኝ ብቻ የሚል የት ተጽፏል? ይህን እያልኩ የምንጨረጨረው እኔ ደግሞ አራት ቀን ሙሉ ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። ብርቱካን ልኬላቸዋለሁ። ኮመዲኖው ስለሞላ።

ለነገሩ የዚህ ሁሉ ሥር ደብተሩ ነው። ሚስቴ የመጣውን ሁሉ ትመዘግባለች፤ ስም፣ ቀን፣ ይዞት የመጣው ነገር። ማር፣ አንድ ብልቃጥ። ሙዝ፣ ግማሹ የጠቆረ። ነገ ብድር ሲመለስ እንዳይሳሳት ነው ትላለች። ሠላሳ አራት ሰው። ቤት ገብቼ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት፤ አንድ ሰው የለም።

የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ አልመጣም።

እግሩ ተሰብሮ በ2009 ዓ.ም. ሲተኛ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስተኛውን ጊዜ ዶሮ ወጥ ይዤ፣ በሚስቴ ባለ ሦስት ደርብ ምሳ ዕቃ። ዶሮው ተበላ፣ እግሩ ዳነ፣ ምሳ ዕቃው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሚስቴ ስሙ በተነሳ ቁጥር ወደ ኩሽና ገብታ ድስት ታንኳኳለች። ብልቃጡን መስኮቱ ላይ ያቆየሁት፣ እውነቱን ከተናገርን፣ እሱ እስኪመጣ ነበር።

ትናንት ደወለ። «ሰማሁ፣ ሩጫ በዝቶብኝ ነው፤ ለመሆኑ እንዴት ጀመረህ?» አለኝ። ነገርኩት፤ ዝናቡንም፣ ታክሲውንም።

ምንም አይደል። ሰው ነውና እሱም አንድ ቀን መተኛቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እሄዳለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተደላድዬ እቀመጥና እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ምሳ ዕቃው።