«ንቀልልኝና ልገላገል»

ሰሞኑን መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። የገብስና የሽምብራ ቆሎ ቀረበ። አክስቴ ለሁላችን እያፈሰች ሰጠችንና እሷ በሶዋን ያዘች። ገና ስድሳ አልሞላትም። በግራ በኩል ግን አንድም መንጋጋ የላትም። አንድ በአንድ ነው የተነቀሉት። አንዱ በወጣ ቁጥር «ተገላገልኩ» ትል ነበር።

በእኛ አካባቢ ጥርስ ሲያም መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነከሳል። ቀጥሎ በአረቄ መጉመጥመጥ ነው (መትፋቱን የሚረሳም አይጠፋም)። ሌሊቱ አልነጋ ሲል ወደ ደብረ ብርሃን ይኬድና ሐኪሙ ገና አፍ ሳያይ «ንቀልልኝ!» ይባላል።

እኔም ያው ነኝ። መንጋጋዬ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካት ብቻ ትጠዘጥዘኛለች። ሁለት ዓመት ዝም አልኳት። አንድ ቀን ቆሎ ስቆረጥም ጥርሱ ተገምሶ ወደቀ። የሄድኩበት ክሊኒክ «ይነቀል» አለ። ሌላ መላ ይኖር እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጥርስን የሚበላው ትል አይደለም። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ያሟሟዋል። መጀመሪያ ነጣ ያለ ነጥብ ይታያል። ያኔ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ኮልጌት በምንለው ማለት ነው፣ ሊመለስ ይችላል። ከተቦረቦረ ግን የተበላው ተጠርጎ መሞላት አለበት። ነርቩ ጋ ቢደርስ እንኳ ብዙ ጊዜ ነርቩ ወጥቶ ሥሩ ይደፈንና በላዩ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ይደረግለታል።

የነርቩ ሕክምና ኤክስሬይና ብዙ ብር ይፈልጋል። በየወረዳው ይጀመር ብዬ አልከራከርም። ተራው መሙላት ግን በየጤና ጣቢያው መሰጠት አለበት ባይ ነኝ። እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ አለ። መብራትም መሰርሰሪያም አይጠይቅም። የበሰበሰው በእጅ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣና ቀዳዳው ግላስ አዮኖመር በሚባል ሲሚንቶ ይደፈናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ይህንን ሲሚንቶ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጥርስ የሚነቅል እጅ ካለን፣ የሚሞላ እጅ ማሠልጠን እንዴት ያቅተናል?

«መንቀል ይረክሳል» የሚል አይጠፋም። ለዕለቱ አዎ። ግን የተነቀለው ቦታ ክፍት ሲሆን ጎረቤቱ ጥርስ ወደዚያ ያዘነብላል፤ ትይዩውም ይረዝማል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የልጆቹ ነው። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅለውን መንጋጋ የወተት ጥርስ እያልን «ይውጣ፣ ሌላ ይበቅላል» እንላለን። አይበቅልም። ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው እሱው ነው።

ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ በስልኬ መብራት የአክስቴን አፍ አየሁ። በቀኝ በኩል ከቀሩት መንጋጋዎች አንዱ ላይ ያቺ የጤፍ ፍሬ አለች።

«ይነቀላል?» አለችኝ።

«አይ፣ ይሞላል።»

«በምን?»

«በሲሚንቶ» ስላት «ቤት ልትሠራልኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ይዣት እሄዳለሁ።