ቧንቧ ለማይዘጉ እጆች ምስጋና

ቧንቧ ከፍቶ የሚረሳን ሰው ማን አመስግኖት ያውቃል? ሁሉም ይነጫነጭበታል። ኧረ ይብቃ! እንዲህ ያለ ቸር ሰው ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም።

እስቲ ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ እዩልኝ። ቧንቧውን ቧ አድርጎ ይከፍታል፣ ብሩሹን አንዴ ያረጥባል፣ የጥርስ ሳሙናውን ይቀባል፣ ከዚያ መስታወት ፊት ቆሞ በተመስጦ ይፈትጋል፤ በመሃል ስልኩን ያያል፣ ምላሱን አውጥቶ ይመረምራል፣ አንዲት ሽበት ያገኝና ይደነግጣል። ውሃውስ? ውሃውማ ይፈሳል እንጂ ምን ያድርግ! አንድ ተራ ቧንቧ በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ሊትር ያወርዳል። ሁለት ደቂቃ ከቦረሸ ከ12 እስከ 20 ሊትር ሄደ ማለት ነው። የተጉመጠመጠው በአንድ ብርጭቆ ነው፤ የቀረውን ለቱቦው መጽውቷል። ቀኝህ ሲሰጥ ግራህ አይወቅ ይባል የለ? ግራው ስልክ ይዟል።

በሻወርማ አይታማም። ውሃው እስኪሞቅ ከፍቶት ሄዶ ልብስ ይመርጣል። ቀዝቃዛውን በባልዲ ቢቀበለው ወለል ይወለወልበት ነበር፣ ግን ባልዲ መደቀን ንፍገት ነው። ሳሙና ሲቀባም አይዘጋም። ለምን ይዝጋ? ዘፈኑ ይቋረጥበታል።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ቆይቷል። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ ናት፣ ምን አላት! (በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ትሆናለች፣ ግን ዓመት እኮ ረጅም ነው።) መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ያለችውን ትንሽ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) መቀየር ነው። ወዳጃችን የዋዛ አይደለም፣ ሌላ ዘዴ አለው። ቧንቧው አፍ ላይ ጨርቅ አሰረበት። አሁን ውሃው ጨርቁን ይዞ ሹልክ ብሎ ይወርዳል። ጠብ ጠብ የሚል ነገር የለም። ድምጹ ጠፋ፣ ችግሩ ተፈታ!

የሽንት ቤቱ ታንከርም ሌሊቱን ሙሉ ሽሽሽ ይላል። አንዱ ጓደኛው መክሮት ነበር፦ ታንከሩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምር፣ ውሃ ሳትለቅ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተህ እይ፣ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የታንከሩ ጎማ እያሳለፈ ነው። እሱ ግን «ድምጹ ለእንቅልፍ ይስማማኛል» አለ። ለሱ ምክር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ወር ደርሶ ቢል ሲመጣ ደግሞ ቆጣሪው ሌባ ይሆናል። ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ቁጠባ ሰዓት ሙሉ ይሰብካቸዋል፣ ከጀርባው ታንከሩ እያጀበው።

ትልቁን ችሎታውን ለማየት ግን ውሃ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ቧንቧውን ይከፍታል። የለም። እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። አሁንም የለም። ይራገምና እንደከፈተው ትቶት ይወጣል፣ በሩን ቆልፎ። ማታ ሲመለስ ውሃው በበሩ ስር አልፎ ደረጃውን እየወረደ ነው፣ የታች ቤት ሰዎች ምንጣፋቸውን ተሸክመው ቆመው ይጠብቁታል። ሊበሉት ደርሰዋል። ቅንጣት አላፈረም።

«ሆን ብዬ ነው የተውኩት» አላቸው፣ «ያለዚያ መምጣቱን በምን እናውቃለን?»