ማስተካከያ፦ የአኒ ኦንድራ ድምፅ ከቀረጻ በኋላ የተተካ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው አንድ ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በወጣው የብሪታንያ ፊልም «ብላክሜል» የዋናዋ ተዋናይት ድምፅ ቀረጻው ካለቀ በኋላ በሌላ ሴት ድምፅ እንደተተካ ይናገራል። ስህተት ነው።

ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ፊልሙን በኤልስትሪ ስቱዲዮ የጀመረው ድምፅ አልባ አድርጎ ነበር። መሃል ላይ ወደ ድምፅ ፊልም ሲዞር ችግር መጣ። ዋናዋ ተዋናይት አኒ ኦንድራ ቼካዊት ናት፤ ገጸ ባሕሪዋ ግን የለንደን ባለሱቅ ልጅ ነች። አነጋገሯ አልገጠመም። በጊዜው መሣሪያ ደግሞ ድምፅን በኋላ መተካት አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ እንግሊዛዊቷ ጆአን ባሪ ከካሜራው እይታ ውጪ ማይክሮፎን አጠገብ ቆማ ቃሉን ትናገራለች፤ ኦንድራ እኩል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሁሉም እዚያው፣ በአንድ ጊዜ! ይህን ሂችኮክ ራሱ በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች አስረድቷል፤ የፊልም ታሪክ መጻሕፍትም ይስማሙበታል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የተሳሳተው ጽሑፍ የሁለቱን ሴቶች ከባድ ቅንጅት የቴክኒሻን ሥራ ብቻ ያደርገዋል። የባሪ ስም በፊልሙ ላይ እንኳ አልተጻፈም፤ ያሳዝናል። ጽሑፉን ያጋራችሁ እባካችሁ ይህንንም አያይዙበት።